አልጋና ዳቦው የአንተ ይሁን

ወንድሜ ሬይኖ፣

ሰላምታ ከማስቀደሜ በፊት እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ልንገርህ። ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ልማዴ ስለ በረዶውና ስለ ጎረቤቱ ስጽፍ ወረቀቱ ያልቅና ዋናው ነገር ሆዴ ውስጥ ይቀራል። ወደ አላስካ ባሕር ልትሄድ ስትል ልጅህን ካይሳን በስድስት ዓመቷ እጇን ይዘህ ወደ ቤታችን ያመጣሃት ጊዜ፣ አርቪድና እኔ «እሺ፣ እናሳድጋታለን» ያልንህ ልጅ ስለሌለን ወይም ስላሳዘነችን ብቻ አልነበረም። ያን ዓመት የጣራችን አንድ ጎን በበረዶ ክብደት ተደርምሶ ነበር። አርቪድ ከመጋዝ ፋብሪካው ሲመለስ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ግብር በሚያሳውቅበት ጊዜ ደህና ገንዘብ እንደሚመለስለት ከሥራ ጓደኞቹ ሰምቶ መጣ። «ልጅቷ ብትመጣ ጣራው ይሠራል እኮ» አለኝ። እኔም «እንግዲያው ትምጣ» አልኩት። ስለ ልጅህ መጀመሪያ የተናገርኩት ቃል ይህ ነው። ፍቅሩ መጣ፣ ፈጥኖም መጣ፤ ግን ከጣራው በኋላ ነው የመጣው። አርቪድ ይህን እንደያዘ ተቀበረ። እኔ ደግሞ የግብር ወራት በመጣ ቁጥር ስሟን ቅጹ ላይ ስጽፍ ያ ጣራ ትዝ ይለኝ ነበር።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበለኝ። እንዴት ከርመሃል? ያ የቀኝ ትከሻህ ሻል አለው ወይስ መረብ ስትስብ አሁንም ይወጋሃል? ሚስትህ ሌኖራስ እንዴት ናት? አባቷ ሽማግሌውስ፣ ሳሉ ለቀቃቸው? ዘንድሮ ሸርጣኑ ፊቱን እንዳዞረባችሁ ሌኖራ በስልክ ነግራኛለች፤ ጀልባው ባዶውን ሲገባ እንደምትከፋ ስለማውቅ አሰብኩህ። ደግሞም ባሕሩ እያለ፣ አንተም በሕይወት ወጥተህ እየገባህ፣ ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

እኛ ደህና ነን። በረዶው የኩሽናውን መስኮት እስከ ወገቡ ሸፍኖታል፤ ሌላ ምን አዲስ ነገር አለ! ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያቃስታል እንጂ አረጋውያኑ ቤት ልብስ ማጠቡን አላቋረጥኩም። ካይሳ የኮሌጅ ዕረፍቷ ስለሆነ ሰሞኑን እዚህ ናት። ትናንት ሳውናውን አሙቀን እንፋሎቱ ውስጥ አብረን ተቀመጥንና ሳያት እናታችንን ትመስላለች፤ ያው ሰፊ ትከሻ፣ ያው አገጭ። ስትቆጣማ እናታችን ራሷ ናት።

የምጽፍልህ በስልክ መናገር የማልችለውን ነው። በስልክ አንተ ትቆጣለህ፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል። ወረቀት ግን ብትቆጣበትም እንደገና ማንበብ ትችላለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህን መንፈቅ የዶርምና የምግብ ክፍያ ጨርሰን መክፈል አልቻልንም። ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ይቀራል። ኮሌጁ ይህ ሳይከፈል ለመጪው መኸር ትምህርት መመዝገብ እንደማትችል አስታውቋታል፤ ምዝገባው ደግሞ በኤፕሪል ማብቂያ ነው። እኔ ስጨነቅ ስታይ ምን አለችኝ መሰለህ፦ «አክስቴ፣ ምን ችግር አለው? አንድ ዓመት ላርፍና አሁን ከትምህርት በፊት የምሠራበት ዳቦ ቤት ውስጥ ሙሉ ቀን ልሥራ። ከዚያ እመለሳለሁ።» ሬይኖ፣ እኔም እናታችንን ላስታምም ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁት ለአንድ ዓመት ነበር። አንተ ትንሽ ነበርክ፣ ታስታውስ እንደሆነ አላውቅም። ያ አንድ ዓመት ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም።

ለትምህርቷ በስምህ ከከፈትከው የቁጠባ ሒሳብ አውጣና ሙላ እንዳልልህ፣ እዚያ ያለው ገንዘብ ለአራተኛው ዓመት እንደማይደርስ አንተው ራስህ ነግረኸኛል። አሁን ቆርሰን ብንበላው የምንቆርሰው ከመጨረሻዋ ዓመት ነው።

እንግዲህ ግብሬን ላሳውቅ ወረቀቴን ይዤ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። የቀድሞው ፖስተኛችን ኦርቪል ቦድሪ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እዚያ ምድር ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ለሰው በነጻ ግብር ይሞላል። ሲያየኝ «አይሊ! እኔ እኮ ከደብዳቤ ተገላገልኩ ስል ወደ ባሰበት ወረቀት ገባሁ። ምን ይዘሽብኝ መጣሽ?» አለኝ። ሞላንና ላከው፤ ኮምፒውተሩ ወዲያው መልሶ ተፋው። ኦርቪል መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋና «ካይሳ ራሴን ችያለሁ ብላ ቀድማሽ አስታውቃለች። ምነው፣ ሳትነግሩኝ ዳራችኋት እንዴ?» አለኝ።

ማታ ሥጋና ድንች የተጠቀለለበት ፓስቲ ጋግሬ ስንበላ ጠየቅኳት። «የግብር ቅጽ ሞልተሽ ልከሻል እንዴ?» ብላት «አዎ፣ በስልኬ! መቶ አርባ ዶላር ተመለሰልኝ፤ ጫማ ገዛሁበት» አለችና እግሯን ጠረጴዛው ጫፍ ድረስ አንስታ አሳየችኝ። «ታዲያ ‹ሌላ ሰው በጥገኝነት ሊያስመዘግብሽ ይችላል ወይ› ለሚለው ምን ብለሽ መለስሽ?» ስላት ሳቋ ጠፋ። «አይችልም አልኩ። አክስቴ፣ ጥገኛ ማለት እኮ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚመጠምጠው ተቀጽላ ነው። እኔ ሰው ሳይነቃ ተነስቼ ሊጥ የምለውስ ሰው ነኝ። የማንም ጥገኛ አይደለሁም» አለችኝ። «ሕጉ ነው እንዲህ ብሎ የሚጠራው፤ አንድ ልጅ የሚኖርበትን ቤትና የሚያሳድገውን ሰው ነው የሚያየው» አልኳት። ከዚያ በላይ አፌ አልታዘዝልህ አለኝ። ለምን እንዳልታዘዘኝ አንተ አሁን ታውቃለህ፤ እርሷ አታውቅም። ቃሉን ያወጣችው እርሷ ናት፣ ያፈርኩት ግን እኔ።

በማግሥቱ አብራኝ ወደ ኦርቪል ሄደች። እርሱም እየፎከረች መግባቷን አይቶ «ነይ እስቲ ተቀመጪ። ልጄ፣ እኔም አርባ ዓመት ሙሉ የሚስቴ ሾርባ ጥገኛ ነኝ፤ ልዩነቱ ለእርሷ መንግሥት ምንም አለመመለሱ ነው» አላት። ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አስረዳን። እኔ በገባኝ መጠን እጽፍልሃለሁ፤ መመሪያ መጽሐፉንም ተውሼ አንብቤዋለሁ። እንደምታውቀው እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ማንበብን ብቻዬን እየተደናበርኩ ነው የተማርኩት፣ ግማሹ ደግሞ አልገባኝም።

የኮሌጅ የትምህርት ክፍያ የከፈለ ቤተሰብ፣ ከመጀመሪያው አራት ሺህ ዶላር ላይ እስከ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ድረስ በግብሩ በኩል ይመለስለታል። የሚመለሰው ተማሪዋን በጥገኝነት ላስመዘገበው ሰው ነው። ነገር ግን እንዳንተ ካለ የትምህርት ቁጠባ ሒሳብ ያለ ግብር ወጥቶ የተከፈለ ገንዘብ ለዚህ አይቆጠርም። ኦርቪል «አንዲት ዶላር ሁለት ባል አታገባም። ወይ ለቁጠባው ትዳራለች ወይ ለግብር ምላሹ» አለን። ከዚያ አንተ በኦገስት የከፈልክበትን ደረሰኝ ቅጂ አየና ራሱን ነቀነቀ። የሁለቱንም መንፈቅ የትምህርት ክፍያ፣ አሥራ አንድ ሺህ ዶላሩን ሙሉ፣ ከቁጠባው በአንድ ጊዜ ከፍለሃል። «ሬይኖ ጥርግ አድርጎ ከፍሎ ለእናንተ የምትቆጥሩት ሳንቲም አላስቀረላችሁም። ደግ ሰው እንዲህ ነው የሚያከስረው» አለ። ቅር አይበልህ፤ ሲቀልድ ነው። ባንተ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ ነበር የማደርገው።

እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል «ቆይ፣ ቁጭ በይ። የምትተኛበትንና የምትበላውን ማን ከፈለ?» አለኝ። «እኔና እርሷ» አልኩት። ካለፈው መኸር እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከአራት ሺህ በላይ ከፍለናል፤ የእኔ ደመወዝና የእርሷ ሊጥ ተደምሮ። ኦርቪል ጠረጴዛውን መታና «ታዲያ አልጠፋማ!» አለ። የቁጠባው ገንዘብ ለትምህርት ክፍያም፣ ለዶርምም፣ ለምግብም መሆን ይችላል። የግብር ምላሹ ግን አልጋና ምግብ አያውቅም፤ የትምህርት ክፍያና መጽሐፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። የግብር ሰዎቹ የቱ ቼክ በየትኛው መስኮት እንደገባ አይጠይቁም፤ አንዱ ዶላር ሁለቴ እንዳይቆጠር ብቻ ነው የሚጠይቁት። ስለዚህ ከአንተ አሥራ አንድ ሺህ ውስጥ አራቱን ሺህ ለአልጋና ለዳቦ የወጣ ብለን ብንይዘው፣ እኛ ለአልጋና ለዳቦ የከፈልነው አራት ሺህ ደግሞ የትምህርት ክፍያ ሆኖ ይቆጠራል። ከማንም ኪስ አንድ ሳንቲም አይጨመርም። ስሙ ብቻ ይለዋወጣል፤ የሚመለሰውም የዶርሙን ዕዳ ይዘጋል። በየዓመቱ ቢሆንልን ደግሞ ለአራተኛው ዓመት የጎደለውን ይሞላል። ካይሳ «አይችልም» ያለችበትን ያን የቅጽ ጥያቄ ተሳስቼ ነው ብላ ማስተካከያ መላክ አለባት፤ እኔ የእኔን በፖስታ እልካለሁ። ይኸው ነው።

ደስ ብሎኝ ወደ መኪናው ወጣሁ። ድልድዩን ተሻገርን። ከዚያ ካይሳ «አክስቴ፣ አላስተካክልም» አለች። «ለምን? አሁንም በዚያ ቃል ተናደሽ ነው?» ስላት «ቃሉንስ ለምጄዋለሁ። አባቴ እስከ ዛሬ የሰጠኝ ነገር ቢኖር ያ የመማሪያ ክፍል ነው። ልደቴን እንኳ ሁለቴ ተሳስቷል። እዚያ ገብቼ ስቀመጥ ይህችን ወንበር አባቴ ነው የከፈለልኝ እላለሁ። አሁን በወረቀት ላይ አይ፣ እርሱ የከፈለው ሾርባውን ነው ልበል?» አለችኝ። ይህን ስለነገርኩህ ትቆጣኛለች። ትቆጣ።

እኔ ደግሞ ያንተ ነገር ወዲያው ታወሰኝ። በኦገስት ስትደውል «እኅቴ፣ የእኔ ገንዘብ ለመማሪያ ክፍሉ ይሁን። ያን ሁሉ ብርድ የጠጣሁት ለአልጋና ለሾርባ አይደለም» ያልከኝን አልረሳሁም። ደረሰኙንም ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፈህ ጀልባ ከመውረድህ በፊት በጣትህ እንደምትነካው ሌኖራ ነግራኛለች። አባትና ልጅ ሳትነጋገሩ በአንድ ወረቀት ሁለት ጫፍ ላይ ተንጠልጥላችኋል፤ እኔ መጥቼ ከመካከል ልቅደደው?

ሕጉ ፈቃድህን አይጠይቅም። ኦርቪልም «ለአላስካ ማስታወቅ አያስፈልግሽም፣ ፈርመሽ ላኪ» ብሎኛል። እኔ ግን እጠይቅሃለሁ። አንድ ጊዜ ይህችን ልጅ ማንንም ሳልጠይቅ ለራሴ ጥቅም ወረቀት ላይ አስፍሬያታለሁ፤ ሁለተኛ አላደርገውም።

ሬይኖ፣ እስቲ አንድ ነገር አስብልኝ። አልጋና ዳቦ እኮ እኔ ስሰጣት ኖሬያለሁ። ትኩሳት ሲይዛት ሾርባ፣ ስታድግ ሰፋ ያለ ፍራሽ፣ ከበረዶ ስትገባ የደረቀ ካልሲ። ያንን አንተ አላደረግከውም፤ ልወቅስህ አይደለም፣ ባሕር ላይ ነበርክ። እኔ ያልሰጠኋት ትምህርቱን ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለች የሒሳብ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ «አርቪድን ጠይቂው» እላት ነበር፤ አርቪድም አያውቀውም፤ ሁለታችንም ያልጋገርነውን ዳቦ ለማየት ወደ ምድጃው እንሮጥ ነበር። ስለዚህ እንለዋወጥ። አንተ ከዚያች ክፍል ጥቂት ለእኔ ልቀቅልኝ፤ እኔም ከዳቦው ጥቂት ልልቀቅልህ። ልጅህ ጠዋት ስትነሳ የተኛችበት አልጋ ያንተ ይሁን። ምሳ ሰዓት ትሪዋን ይዛ ስትሰለፍ የምትበላው ያንተ ይሁን። አባት ልጁን አበላ፣ አስተኛ ቢባል ምን ያሳፍራል? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያደረግኩት ይህንን ነው፤ እውነቱን ንገረኝ ካልከኝ ከወንበሩ አያንስም። ከአሥራ አንዱም ሰባቱ ሺህ አሁንም የክፍሉ ነው፤ ወንበሯን ማንም አይነካብህም፣ እኔ ጥግ ላይ ልቀመጥ ነው የምለው።

ከተስማማህ ለመጪው ኦገስት አስቀድመን እንነጋገር። ሙሉውን የትምህርት ክፍያ አትላክ፤ አራቱን ሺህ ለእኛ ተወውና ያንተን ለዶርሙ አድርገው። ገንዘቡ የሚከፈልበትና ከሒሳቡ የሚወጣበት በአንድ ዓመት ውስጥ ይሁን፤ በዲሴምበር ለተከፈለ ነገር በጃንዋሪ አታውጣ። በየጃንዋሪውም ከቁጠባ ሒሳቡ የሚመጣ ወረቀት ባንተ ስም ከደረሰህ እንዳለፈው መሣሪያ ሳጥን ውስጥ አትክተተው፤ ላክልኝ።

ካልተስማማህም አላኮርፍም። የአርቪድን መኪና ሸጬ ዘንድሮን እወጣዋለሁ፤ ለከርሞ ግን የምሸጠው የለኝም። የግብሩ ቀን ኤፕሪል አሥራ አምስት ነው። አንተ በዚህ በማርች መጨረሻ ወደብ እንደምትገባ ሌኖራ ነግራኛለች፤ ጊዜ አለ። መልሱን ግን ለእኔ አትስጠኝ። ለካይሳ ደውልላት። «ሾርባውም የእኔ ነው» በላት ወይም «እምቢ» በላት፤ ብቻ ካንተ አፍ ትስማው። ሌላ ነገር ማውራት ካልቻልክ ዳቦ ቤቱን ጠይቃት፤ ስለ ሊጥ ከጀመረች አታቆምም፣ አንተ መስማት ብቻ ነው።

ሌኖራን እንደ እኅት ስሜያታለሁ፤ የላከችው የጣሳ ሳልሞን ዓሣ ደርሶን ከድንች ጋር በልተነዋል በላት። ለአባቷ ጤና ይስጥልኝ፤ ማር በሞቀ ውኃ ይጠጡ፣ ሐኪሙ የሚለውንም ይስሙ። አብረውህ መረብ ለሚስቡት ሰዎች ሁሉ ሰላምታ አቅርብልኝ። ከዚህ ኦርቪል «ያ ቴምብር ሳይለጥፍ ደብዳቤ የሚልክ ሰውዬ አለ ወይ?» ብሎሃል። ከአርቪድ መቃብር ላይ በረዶውን ጠርጌለታለሁ። ካይሳ ሰላምታዋን ራሷ ትጽፍበታለች ብዬ ታች ቦታ ትቼላታለሁ።

ፖስታውን አላሸግኩትም። ስለ እርሷ የተጻፈ ወረቀት እርሷ ሳታየው ከዚህ ቤት ዳግመኛ አይወጣም። ውጭ ሆና ደጁን በአካፋ እየጠረገች ነው፤ ስትገባ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ታንብበው። አንብባ ልትጥለው ትችላለች፣ ልትልከውም ትችላለች። እጅህ ላይ የደረሰው ፖስታ አድራሻው በእርሷ እጅ የተጻፈ ከሆነ፣ እንግዲያው ልካዋለች ማለት ነው።

እኅትህ አይሊ
ሃንኮክ፣ ሚሺጋን
ማርች 9 ቀን 2019

በመጀመሪያ ለካይሳ፤ ከካይሳ እጅ ለአባቷ ለሬይኖ ይድረስ፣ ኮዲያክ።